አዋላጇን ለምትሠራበት ቦታ ማሠልጠን



ስለ አዋላጅ ነርሶች ትምህርት ስንወያይ ብዙ ጊዜ የምንጠይቀው ስንት ተመረቁ ብለን ነው። የዛሬው ጥያቄዬ ግን ምሩቋ ብቻዋን ስትሆን ምን መሥራት ትችላለች የሚል ነው።

ከወሊድ በኋላ የሚከሠት የደም መፍሰስ በዓለም ዙሪያ ከእናቶች ሞት ዋና ዋና መንሥኤዎች አንዱ ነው። በሆስፒታል የምትለማመድ ተማሪ ሐኪም ትጠራለች። ከደባርቅ ርቃ በስሜን ተራሮች ግርጌ የምትሠራው አዋላጅ ግን የምትጠራው ሐኪም አጠገቧ የለም። ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ ይገባዋል፤ መብራት ሲጠፋ ማቀዝቀዣው ይሞቃል። ሚሶፕሮስቶል ግን ማቀዝቀዣ አይሻም። የትኛውን መቼ እንደምትሰጥ አስቀድማ መለማመድ አለባት። የትናንሽ ደሴት አገሮች ችግርም ይኸው ነው፤ እነርሱን ባሕር፣ እኛን ገደል ይለየናል።

መንገዱ አዲስ አይደለም። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በቡድን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያዎች እየላከ ያሠለጥን ነበር። የሐምሊን የአዋላጆች ኮሌጅም ከገጠር የመለመላቸውን ተማሪዎች አስተምሮ ወደየአካባቢያቸው ይመልሳል።

ስለዚህ ተማሪዎቻችን ከመመረቃቸው በፊት በዳባትና በደባርቅ ዙሪያ ባሉ ጤና ጣቢያዎች፣ ልምድ ባላቸው አዋላጆች ሥር ይሥሩ። እነዚያም አዋላጆች እንደ መምህር ተቈጥረው ጊዜና አበል ይመደብላቸው። ጥቂት ወሊድ በሚታይበት ቦታ ያልተደጋገመ ሙያ ይረሳልና፣ ከምረቃ በኋላም ልምምዱ አይቋረጥ። በቃሬዛ ተሸክመው ያመጧት እናት የምታገኘው እኛ ያስተማርነውን ያህል ብቻ ነው።