የጎረቤት ተቃውሞ እና እኩል የሕግ ጥበቃ

የዛሬው ርዕስ እኩል የሕግ ጥበቃ ነው፤ ይኸውም በተመሳሳይ ሁኔታ ላይ የሚገኙ ሰዎች ያለ በቂ ምክንያት ሳይለያዩ በአንድ ሕግ የሚዳኙበት መርህ ሲሆን፣ በአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ ላይ ሰፍሯል።

ለመሆኑ ይህ መርህ ከጎረቤት ተቃውሞ ጋር ምን ያገናኘዋል? በቴክሳስ ግዛት የክሌበርን ከተማ አስተዳደር፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው 13 ሰዎች ሊከፈት ለታሰበ መኖሪያ፣ ከሆስፒታልና ከአረጋውያን መጦሪያ የማይጠይቀውን ልዩ ፈቃድ ጠየቀ፤ ቀጥሎም የጎረቤቶችን ተቃውሞ ጭምር ምክንያት አድርጎ ፈቃዱን ከለከለ። ነገሩ በአንድ ግቢ ከሚኖሩ ተከራዮች መካከል አንዷ ብቻ ከጋራው ቧንቧ ውኃ ለመቅዳት የጎረቤቶቿን ይሁንታ እንድታመጣ እንደማስገደድ ነው። ይህ ግልጽ አድልዎ ነው።

ከተማው ካቀረባቸው ምክንያቶች ሌላው በአቅራቢያው ያለው ትምህርት ቤት ውስጥ የሚማሩ ተማሪዎች ነዋሪዎቹን ያስቸግራሉ የሚል ነበር፤ ሆኖም በዚያው ትምህርት ቤት ተመሳሳይ ውስንነት ያለባቸው 30 ያህል ተማሪዎች ይማሩ ስለነበር፣ ምክንያቱ ሚዛን አልደፋም። በመሆኑም ጉዳዩን የተመለከተው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1985፣ የጎረቤት ፍርሃትና ጥላቻ ብቻውን እኩል የሕግ ጥበቃን ለመንፈግ እንደማይበቃ ወሰነ።

ታዲያ ተመሳሳይ ተቃውሞ የሚገጥማቸው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤቶችስ? እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 የወጣው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ የመንግሥት አካላት በአካል ጉዳት ምክንያት አድልዎ እንዳይፈጽሙ ይከለክላል፤ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤቶችም ሕጉ የከተማ ቦታ አጠቃቀም ውሳኔዎችን እንደሚጨምር በመፍረዳቸው፣ በአድልዎ ፈቃድ የተነፈገ የልዩ ፍላጎት ትምህርት ቤት በዚሁ ሕግ መክሰስ ይችላል።