የሐሙስ ስንቅ

(በምሩቃን የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ስንቶቻችንን የት የት እንዳደረሰ ታስታውሳላችሁ። ዲግሪ ከመያዛችን በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ማገልገል ግዴታ ነበር፤ አብዛኞቻችንም አስተማርን። እኔን በ1962 ዓ.ም. ጎጃም ደረሰኝ፤ ከደጀን ደብረ ማርቆስ ከሚወስደው መንገድ ገባ ያለ፣ እስከ ስምንተኛ ክፍል የሚያስተምር ትምህርት ቤት።

ያንን ትምህርት ቤት ያቆዩት በዙሪያው ያሉት ትንንሽ ከተሞች ናቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሉማሜም ሂዱ፣ የትኖራም፣ አምበርም፣ ነገሩ ያው ነበር። ከገጠር የመጡ ልጆች ሦስት አራት ሆነው አንድ የጭቃ ክፍል ይከራያሉ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ጆንያ ተሸክመው ከች ይላሉ፦ ድርቆሽ፣ በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ። ኪራዩ ግማሹ በብር፣ ግማሹ ማገዶ በማምጣትና ውኃ በመቅዳት ይከፈላል። የእሑዱ ስንቅ ታዲያ ሐሙስ ላይ ያልቃል። እኔ ሒሳብ የማስተምረው ዓርብ ጠዋት ነበር፤ ልጁ ማካፈል ያቃተው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ፔዳጎጂ አላስፈለገኝም። (የትምህርት ፋኩልቲ ሰዎች ይቅር በሉኝ።)

አከራዮቹ ብዙዎቹ ጠላ ሻጮች ነበሩ። ስንቁ ያለቀበትን ልጅ «ና ብላ፣ እናትህ ስትመጣ እንተሳሰባለን» ብለው እንጀራ የሚያቀርቡለት እነሱ ናቸው። ሲተሳሰቡ ግን አላየሁም።

ሴት ልጁ ቤት ተከራይታ እንድትኖር የሚፈቅድ ወላጅ እምብዛም አልነበረም። ከተማ ውስጥ አክስት ያላት ትማራለች፣ የሌላት ትቀራለች። እኔ ጋ ስምንተኛ ክፍል የደረሱት ሴቶች አራት ነበሩ፤ አራቱም አክስት ነበራቸው።

ዘንድሮ ተመልሼ ሄጄ ነበር። አስፋልት አለ፣ መብራት አለ፣ ሁለተኛ ደረጃም ተከፍቷል። ጆንያውም አለ፤ አሁን አንዳንዱ በባጃጅ ይመጣል እንጂ።

ማኅበራችን ለአካባቢው ኮምፒውተር ለመስጠት አስቧል። ጥሩ ነው። እኔ ግን አስቀድመን ለሴቶቹ ማደሪያ እንሥራ እላለሁ፦ አልጋ፣ ማድቤት፣ ደመወዝ የሚከፈላት አንዲት የአካባቢው እናት። አክስት ለሌላት አክስት ማለት ነው።

መምህራን ደግሞ ተማሪዎቻችሁን ለማስተማር ልምምድ ስትልኩ፣ አንድ ቀን ልጆቹ ተከራይተው እስከሚያድሩበት ክፍል ድረስ ይሂዱልኝ። ሐሙስ ማታ ቢሆን ይመረጣል።