ከዛፍ ጥላ ሥር የሚገኝ ሀብት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ከትምህርት ቤታችን በስተጀርባ፣ በተዳፋቱ ላይ ያሉትን ትልልቅ ዛፎች ሁላችሁም ታውቋቸዋላችሁ። አንዳንድ ሰዎች፣ «ይህ ቦታ ጥላ ስለ በዛበት ምንም አይበቅልበትም፤ ዛፎቹ ተቆርጠው ባሕር ዛፍ ቢተከልበት ይሻላል» ሲሉ እንሰማለን። እኛ ግን አንድም ዛፍ ሳይቆረጥ ቦታው ፍሬ ሊሰጥ እንደሚችል በዛሬው ቀን ለማስረዳት እንወዳለን። ይኸውም ኮረሪማ በመትከል ነው።

ኮረሪማ የገዛ አገራችን ተክል ነው። ዘመዶቹ ዝንጅብልና እርድ ናቸው። በዚህ በከፋና በአካባቢው ባሉት ደኖች ውስጥ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 እስከ 2,000 ሜትር ገደማ ባለው እርጥብ ምድር በተፈጥሮው ይበቅላል። ቁመቱ ከ1 እስከ 2 ሜትር ይደርሳል፤ ቅጠሉም በክረምትም በበጋም ለምለም ነው። ሌላው አዝመራ ፀሐይ ሲሻ፣ እርሱ የሚሻው ጥላ ነው። ጥላው ሲጠፋ እርሱም ይጎዳል።

መዓዛውን እናቶቻችን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። ያለ ኮረሪማ በርበሬው፣ ሚጥሚጣውና ንጥር ቅቤው ምን ጣዕም ይኖረው ነበር? ነገር ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ሌላ ጥቅም አለው። ሥር መሰል ግንዱ በመሬት ውስጥ እየተዘረጋ አዳዲስ ቀንበጥ ስለሚያወጣ፣ አፈሩን አጥብቆ ይይዛል። ስለዚህ ተዳፋታችንን ጎርፍ እንዳያጥበው ይረዳል።

አተካከሉም አስቸጋሪ አይደለም። ዝናብ ሲጀምር፣ ከጤነኛ እናት ተክል ቀንበጥ ያለበትን የመሬት ውስጥ ግንድ ቆርጦ መውሰድ ነው። ጉድጓዱ ጥልቅ አይሁን። የረገፈውን የዛፍ ቅጠል ጠርጎ መጣል አይገባም፤ እርጥበቱን የሚጠብቀው እርሱ ነውና። አረሙን በእጅ መንቀል እንጂ በዶማ መቆፈር ሥሩን ይጎዳል። ያረጀውና የደረቀው ግንድ ይቆረጥ። ፍሬው ከመሬት አጠገብ ስለሚወጣ የሚረግጠው እንስሳ እንዳይገባ ይታጠር። ፍሬው ሲቀላ ለቅሞ ማድረቅ ነው።

የከፋ ደን በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ሆኖም ደን በመዝገብ ብቻ አይጠበቅም። ዛፍ በተመነጠረበትና ለቡና ሲባል ከሥሩ ያለው ቡቃያ ሁሉ በተጨፈጨፈበት ስፍራ ኮረሪማም አብሮ ይጠፋል። ከጥላው ሥር ገንዘብ የሚያገኝ ሰው ግን ዛፉን ለመቁረጥ አይቸኩልም።

ታናናሽ ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ሆይ፣ ኮረሪማ ፍሬ እስኪሰጥ ድረስ 3 ዓመት ወይም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ይፈጃል። እኛ በዚያን ጊዜ እዚህ አንገኝም፤ የምትለቅሙት እናንተ ናችሁ። «ኃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለኃምሳ ሰው ጌጡ» ይባላልና፣ እያንዳንዳችን ከቤታችን አንዳንድ ተክል ብናመጣ ተዳፋቱ በአንድ ክረምት ይሸፈናል። የተከበራችሁ መምህራን ሆይ፣ ዛፎቹን እንድታቆዩልን በትሕትና እንለምናለን። እኛም ከመሰናበታችን በፊት የመጀመሪያውን ረድፍ ለመትከል ዝግጁዎች ነን።