ጀርሙ ሲሞት መርዙ አይሞትም
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከዳባት፣ ከደባርቅና ከወገራ ገጠር የመጣን ሁሉ አባሰንጋን በስሙ ብቻ ሳይሆን በሥራውም እናውቀዋለን። ማታ ደኅና የነበረ በሬ ጠዋት ሞቶ ይገኛል። የእርሻ ጉልበቱን ያጣ ገበሬ ሥጋውንም ጣል ቢሉት ይከብደዋል፤ ስለዚህ ይገፈፋል፤ ይበላል። ከጥቂት ቀን በኋላ በገፈፈው ሰው እጅ ላይ ጥቁር ቁስል ይወጣል።

ሐኪም ቤት በጊዜ የደረሰ ሰው በፔኒሲሊንና በመሰል መድኃኒቶች ይድናል። በሽታው ወደ ደሙ የገባበት ግን፣ መድኃኒቱ ጀርሙን ገድሎለት እንኳ ሊሞት ይችላል። ጀርሙ አስቀድሞ የረጨው መርዝ በሰውነቱ ውስጥ ይቀራልና፤ ፔኒሲሊንም መርዝ አያረክስም።

ይህ መርዝ ሦስት ፕሮቲኖች አሉት። አንዱ በሕዋሱ ላይ በር ይከፍታል፤ ሁለቱ በዚያ በር ይገባሉ። ከገቡት አንደኛው ሰውነትን ያሳብጣል፤ ሌላው በያዘው ዚንክ አማካይነት የሕዋሱን መልእክተኛ ፕሮቲኖች እንደ መቀስ ይቆርጣል። ተመራማሪዎች የሚፈልጉት በዚህ መቀስ አፍ ገብቶ የሚወተፍ ትንሽ ሞለኪዩል ነው። በ2012 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የተፈቀደው ማርከሻ፣ ራክሲባኩማብ፣ ትልቅ ፕሮቲን ስለሆነ በደም ሥር ይሰጣል፤ ቅዝቃዜም ይፈልጋል። ትንሽ ሞለኪዩል ግን በእንክብል ሊዋጥ፣ በገጠር ጤና ጣቢያም ሊቀመጥ ይችላል። በ2004 እ.ኤ.አ. ለጉበት በሽታ የተሠራው አዴፎቪር የሚያሳብጠውን ፕሮቲን እንደሚገታ በላቦራቶሪ ታይቷል፤ ሆኖም እስካሁን ለአባሰንጋ መርዝ የተፈቀደ እንዲህ ያለ መድኃኒት የለም።

ታዲያ እኛን ምን አገባን? ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. በአድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው፣ ያዩትን በላቦራቶሪ መዘኑ። እኛም የአገር ባሕል ሐኪሞች ለአባሰንጋ የሚሰጡትን ቅጠልና ሥር እንመረምራለን። ነገር ግን ልማዳችን አንድ ጥያቄ ብቻ መጠየቅ ነው፤ «ጀርሙን ይገድላል ወይ?» ካልገደለ እንጥለዋለን። ምናልባት የጣልነው የመርዙ ማርከሻ ይሆን? ሁለተኛውን ጥያቄ እንጨምር፤ «መቀሱን ያስቆማል ወይ?» ለዚህ ሕያው ጀርም ማሳደግ አያስፈልግም፤ የተጣራው ፕሮቲን ብቻውን በሽታ አያስይዝም።

እስከዚያው ግን ለየቤተሰባችን የምንነግረው አለ፦ ከብት በየጊዜው ይከተብ፤ በድንገት የሞተ ከብት አይገፈፍ፤ አይበላ፤ በጥልቅ ይቀበር። ክትባቱ በቢሾፍቱ፣ በአገራችን ይሠራል። ማርከሻ የሚፈለገው ይህ ሁሉ ሳይደረግ ለቀረበት ሰው ነው፤ ያም ሰው ብዙ ጊዜ የእኛው ዘመድ ነው።