ከእሳት በኋላ የግጦሽ መሬት ማገገምና የቅንጨ አረም መዛመት
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ቁጥቋጦ የወረሰውን የግጦሽ መሬት በእሳት ማጽዳት በኢትዮጵያ የቆየ ልማድ ነው። ቦረናዎች እሳት የሚለቁት በዘፈቀደ ሳይሆን በሽማግሌዎች ምክር ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ማቃጠል ሲከለከል ግራሩና ቁጥቋጦው ሣሩን እየዋጠ መጣ። ጥፋቱን ሁሉ በክልከላው ላይ መጫን ግን አይገባም፤ ግጦሹም በዝቶ ነበር። ኋላ ማቃጠል እንደገና ሲሞከር እሳት የሚሸከም ደረቅ ሣር በሌለበት ነበልባሉ ቁጥቋጦውን እንደማይጎዳ ታየ። ብዙው ግራርም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። መቁረጥ፣ ማቃጠልና መሬቱን ማሳረፍ አብረው ካልሄዱ ድካሙ ከንቱ ነው።

ለምዕራብ ሸዋ ገበሬ ይበልጥ የሚያሰጋው ከአመዱ ላይ ቀድሞ የሚበቅለው ነው። ቅንጨ አረም፣ በሐረርጌ ፈረምሲሳ የሚባለው፣ የተራቆተ መሬት ይወዳል። በበቀለ በአንድ ወር ተኩል ውስጥ ሊያብብ ይችላል፤ አንዱ ተክል ከ15,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል። ላም ስትበላው ወተቷ ይመራል፤ የሚነቅለውን ሰው ቆዳውን ያሳክከዋል፣ ትንፋሽም ያሳጥረዋል።

ይህ አረም ክፉኛ ባጠቃት የአውስትራሊያዋ ኩዊንስላንድ የመንግሥት ምክር ግልጽ ነው። እሳት የቅንጨ አረም መድኃኒት አይደለም፤ መሬቱ ለቁጥቋጦ ተብሎ ከተቃጠለ ደግሞ ሣሩ እስኪያገግም ከብት አይግባበት። ከብት ከቀደመ ለጋውን ሣር ግጦ ቦታውን ለአረሙ ይለቅለታል። መኖ ባለቀበት ወቅት ይህን ማክበር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለገበሬ አይነገረውም። ደግሞም አንድ አባወራ ብቻውን የወል መሬት ማሳረፍ አይችልም፤ የጎረቤቱ ከብት ይገባበታል። የማኅበር መተዳደሪያ ደንብ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ዘሩ በመኪና ጎማ፣ በጎርፍ፣ ባልተበጠረ እህልና ከወረዳ ወደ ወረዳ በሚዘዋወር ኮምባይነር ይጓዛል። ከአዲስ አበባ በጊንጪና በአምቦ ወደ ነቀምት የሚያልፈው መንገድ ዳርና የመጋዘን ደጃፍ አስቀድመው ሊታዩ ይገባል። አረሙ ሳያብብ፣ እጅ በጓንት ተሸፍኖ ይነቀል።

አምቦ በሚገኘው የምርምር ማዕከል ዚጎግራማ የተባለ፣ የአረሙን ቅጠል የሚበላ ጥንዚዛ በኳራንቲን ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ወለንጪቲ አካባቢ ተለቋል። ጥሩ ጅምር ነው። ሆኖም ጥንዚዛው አፈር ውስጥ የተቀበረውን ዘር አይነካም፤ ነቀላው ለዓመታት ይቀጥላል።