በብስክሌት ከአዋሽ መልካ እስከ ጢያ
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



 ባለፈው ጥቅምት የማኅበራችን ወጣቶች ስምንት፣ ጎልማሶች ደግሞ ሦስት ሆነን በብስክሌት የሁለት ቀን ጉዞ ማድረጋችን ይታወሳል። ከተመለስን ወዲህ በሰፈሩ ብዙ ተወርቷል። አንዳንዱ «ልጆቹን መኪና ሊያስበሏቸው ነው» ይላል፤ ሌላው «ቅርስ ሰርቀው መጡ» ይላል። ከወሬ እውነት ይሻላልና፣ ያየነውንም ያጠፋነውንም ከኛው አፍ ትሰሙ ዘንድ ቀርበናል። ዓመተ ምሕረቶቹን የምንጠራው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ስለ ብስክሌቱ ጥቂት እንበል። ልጆቻችን «ማውንቴን» የሚሉት ጎማው ወፍራም፣ ማርሹ ብዙ የሆነው ብስክሌት የተወለደው በ1970ዎቹ በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ነው። ጎረምሶች አሮጌ ብስክሌት እየጠጋገኑ ከኮረብታ ቁልቁል ሲለቁት ቆዩና፣ በ1977 ጆ ብሪዝ የሚባል ሰው ለዚሁ ሥራ ብቻ የታሰበ ብስክሌት በእጁ ሠራ። በ1996 በአትላንታ ኦሎምፒክ ውድድር ሆነ። ለኛም ቢሆን ብስክሌት እንግዳ ነገር አይደለም። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሎምፒክ በገባችበት በ1956 በሜልቦርን ከሯጮቿ ጋር እነ ገረመው ደንቦባም በብስክሌት ተሰልፈው ነበር። በ2016 ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኗል። ታዲያ በየግቢያችን ዝገት የሚበላው ብስክሌት ስንት ነው? ይህን በኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ወደ ጉዞው። ከከተማ እየጋለብን አልወጣንም። ብስክሌቶቹን በአይሱዙ ጭነን ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል፣ በቡታጅራ መንገድ አዋሽ መልካ ድረስ ሄድን። የከባድ መኪናው ግፊያ ለልጆች አይሆንምና ይህን ያደረግነው አስበንበት ነው። ከመነሣታችን በፊትም መንገዱ ሰላም መሆኑን ከዚያው አካባቢ ሰዎች በስልክ ጠይቀን አረጋግጠናል።

ምን አለፋችሁ፣ አገሩ ጥቅምት ላይ መታየት አለበት። ዳገቱ ለስለስ ያለ ነው፤ ግራና ቀኙ ጤፍ ነው፤ ነፋስ ሲመጣ እንደ ውኃ ይተኛል። እረኞቹ «አካም ጅርቱ» ሲሉን እኛም በአፋቸው መለስንላቸው፤ ይህን ሰላምታ ልጆቹን ቀድመን አስጠንተን ነበር። አንድ ሰላምታ ከአሥር መታወቂያ ይበልጣል። ችግሩ መረሬው ነው። ዝናቡ ገና መውጣቱ ስለነበር ጥቁሩ አፈር ከጎማው ላይ ይጣበቅና ቸርኬው አልዞር ይላል። ወርደን በእንጨት ፋቅን። በእርሻ መሀል አቋርጠን እንሂድ ያለም ነበረ፤ ግን የደረሰ ጤፍ የሰው ዓመት እንጀራ ነው ብለን ከለከልን። በእግር መንገዱ ብቻ፣ አንድ በአንድ ሆነን ነው የሄድነው።

መጀመሪያ ያየነው መልካ ቁንጡሬን ነው። በአዋሽ ዳር ጎጆ ጎጆ ሆኖ የተሠራ ሙዚየም አለው። ስፍራውን በ1963 ለምርምር ዓለም ያስታወቀው ጌሪት ዴከር የሚባል ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ ነበር፤ ከ1965 ጀምሮ ደግሞ ፈረንሣዊው ዣን ሻቫዮን ለብዙ ዓመታት ቆፈረበት። ኋላም ጣሊያኖች ሥራውን ቀጠሉ። እዚያ የሰው ዘር ከሁለት ሚሊዮን ዓመት ግድም ጀምሮ ድንጋይ እየጠረበ ኖሯል። በ2024 ከባልጪት ጋር ተዳምሮ በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከሁሉ ይልቅ ልጆቻችንን ያስደነቃቸው የእግር ዱካው ወሬ ነው። ጎምቦሬ በተባለው ክፍል 700,000 ዓመት የሆነው ዱካ ተገኝቷል፤ ጥናቱ የወጣው በ2018 ነው። ከአውሬ ዱካ ጋር የሰው ዱካ አለ፤ ከሰውም ውስጥ የአንድና የሁለት ዓመት ሕፃን የሚሆን አለበት። ትልልቆቹ ድንጋይ ሲጠርቡና ሥጋ ሲበልቱ ሕፃናቱ አጠገባቸው ነበሩ ማለት ነው። ከኛ ጋር የነበሩት አንዲት እናት ይህን ሲሰሙ «እንዴ! ያን ጊዜም ልጅ ከእናቱ ቀሚስ አይለይም ነበር በሉኛ!» ብለው አሳቁን። ሳቅንም እንጂ ነገሩ ልክ ነው። ልጅ ሥራ የሚማረው ከትልልቆቹ ጋር ሲውል ነው።

ከዚያ ወደ ባልጪት ጋለብን። ከወንዙ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ላይ ነው። ስሙ ራሱ ባልጩትን ያስታውሳል። ያ እንደ ጠርሙስ የሚያብረቀርቀው ጥቁር ድንጋይ በሜዳው ላይ ተበትኖ ይገኛል፤ የጥንቱ ሰው ስለቱን የሚያወጣው ከዚህ ነበር። ባልጩት ሲሰበር እንደ ምላጭ ነው። በደቡብ የሀገራችን ክፍል ቆዳ ፋቂዎች እስከ ቅርብ ዘመን ድረስ ሲሠሩበት ኖረዋል። አንድ ብስክሌትም እዚሁ ተነፈሰ። በማስቲሽ ለጥፈን፣ ነፍተን ቀጠልን።

ከሰዓት በኋላ ከዋናው መንገድ ወደ ምዕራብ ታጥፈን አዳዲ ማርያም ደረስን። ከአንድ አለት ተፈልፍላ የወጣች ቤተ ክርስቲያን ናት፤ ትውፊቱ ለንጉሥ ላሊበላ ይሰጣታል። በደቡብ አቅጣጫ ከሚገኙት ውቅር አብያተ ክርስቲያናት አንዷ ስትሆን ዛሬም ይቀደስባታል። ጣሪያዋ ከመሬቱ ጋር እኩል ስለሆነ አጠገቧ እስክትደርሱ አትታይም። ብስክሌቶቹን ከግቢው ውጭ በዛፍ ጥላ አቁመን፣ ጫማችንን አውልቀን ገባን። ከልጆቻችን ሁለቱ ሙስሊሞች ናቸው፤ እነሱም በአክብሮት ከደጅ ሆነው አዩ፤ ካህኑም ጠርተው ጠበል ጠዲቅ ሰጡን።

ሌሊቱን መንገድ ዳር ባለች ከተማ አልቤርጎ አድረን፣ በማግሥቱ ጢያ ገባን። እዚያ በአንድ አጥር ግቢ 36 ሐውልቶች አሉ፤ ከነዚህ 32ቱ የተቀረጹ ናቸው። በ1980 በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡ ናቸው። ሰይፍ የተቀረጸባቸው ብዙ ናቸው፤ ሌሎቹ ምልክቶች ግን እስካሁን አልተፈቱም። በሥራቸው የተቀበሩት ሰዎች እጅና እግራቸው ታጥፎ፣ ሕፃን በማኅፀን እንደሚተኛው ሆነው ተገኝተዋል። የአካባቢው ሰው «የግራኝ ድንጋይ» ይላቸዋል። ነገር ግን ግራኝ የነበረው በ16ኛው መቶ ዓመት ነው፤ ሐውልቶቹ ከእሱ በፊት መቶ ዓመታት ይቀድማሉ። ወጣቶቹ ሰይፍ ሲቆጥሩ ዋሉ። የማን መቃብር ይሆን እያሉ ሲከራከሩም ምሳ ረሱ።

አሁን ወደ ከበደው ነገር እንግባ።

ሰፈር በደረስን በሦስተኛው ቀን ከልጆቻችን አንዱ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ፣ ከቦርሳው ባልጩት አውጥቶ ለጓደኞቹ አሳየ። የአውራ ጣት ያህል ነው፤ ጠርዙ በጥንት እጅ የተቀረጸ ይመስላል። ከባልጪት ሜዳ አንሥቶት ኖሯል። ጠርተን ስንጠይቀው አልዋሸም። «መሬት ላይ ወድቆ ነበር፤ እንደሱ ያለ ሺህ አለ፤ አንዱ ቢጎድል ማን ያውቃል?» አለን። እውነቱን ለመናገር፣ ከኛ ከትልልቆቹም «እውነቱን ነው፣ ይተውለት» ያለ ነበረ። አንዱ «በፖስታ እንላከው» አለ። ሌላው «እንደ ሌባ አደባባይ ሊወጣብን ነው፣ እንጣለውና ይለቅ» አለ። ሁለት ማታ ተከራከርን።

በመጨረሻ የተስማማንበት ይህ ነው። ድንጋዩ የሚናገረው በተገኘበት ስፍራ ሆኖ ነው። ከየትኛው አፈር፣ ከምን አጠገብ እንደ ተነሣ ካልታወቀ፣ ለተመራማሪው ከመንገድ ጠጠር አይለይም። ሺህ ጎብኚ አንዳንድ ቢያነሣ ደግሞ ሜዳው ባዶ ይቀራል። ሕጉም ቢሆን ግልጽ ነው፤ የቅርስ አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (እንደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር) ቅርስን ያለ ፈቃድ ከቦታው ማንሣትን አይፈቅድም። ጥፋቱም የልጁ ብቻ አልነበረም። ከመነሣታችን በፊት ሰላምታ አስጠንተናል፤ ፍሬን ፈትሸናል፤ «ከመሬት ምንም አታንሡ» የሚለውን ግን ማንኛችንም አልተናገርንም። ያልተነገረው ልጅ ምን ይሁን?

ስለዚህ በቀጣዩ ቅዳሜ ሁለት ጎልማሶች ልጁን ይዘን በሚኒባስ ወረድን። ሙዚየሙ ላይ ያሉት ጠባቂ ጎጆው ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጁ ራሱ ወጥቶ ሰጣቸው፤ ያነሣበትንም ስፍራ በቻለው መጠን አስረዳ። እኛ ቁጣ እየጠበቅን ነበር። እሳቸው ግን ድንጋዩን በመዳፋቸው ገልበጥ አድርገው አዩና፣ «የሚወስድ ብዙ ነው፤ ለመመለስ የሚመጣ ግን ብርቅ ነው» አሉት። ልጁ እስከ ቤቱ ድረስ አልተናገረም። አሁን ከሁሉ ቀድሞ ለሚቀጥለው ጉዞ የተመዘገበው እሱ ነው፤ ሌሎቹን የማስጠንቀቁን ሥራም በገዛ ፈቃዱ ወስዷል።

ክቡራን ነዋሪዎች፤ ስለ አደጋም ደብቀን አናልፍም። አንዲት ልጃችን ጠጠር ባለው ቁልቁለት የፊት ፍሬን ብቻ ይዛ ወድቃ ክንዷ ተልጧል። አጥንት አልተነካም። እሷን ተንተርሶ «ሴት ልጅ ድሮስ በብስክሌት ምን ቤት ናት» ያሉን አሉ። በዚያው ቁልቁለት ሁለት ወንዶችም ወድቀዋል፤ ስለ እነሱ ግን ማንም አልጠየቀም። ትምህርቱ ለሁሉም አንድ ነው፤ በቁልቁለት የኋላውን ፍሬን አስቀድሞ፣ የፊቱን በቀስታ ጨምሮ፣ ወገብን ወደ ኋላ ሰብሰብ ማድረግ፤ በዳገትም ማርሽን ጉልበት ሳያልቅ አስቀድሞ መቀነስ ነው።

በዚህም መሠረት ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው፦

1ኛ/ በየግቢው ያለ ሥራ የቆመ ብስክሌት ያላችሁ ለማኅበሩ በውሰት ስጡን፤ ጠግነን፣ ካቴናውን ቀይረን፣ በመዝገብ ይዘን እንጠቀምበታለን።

2ኛ/ ማንኛውም ልጅ፣ ወንድም ሆነ ሴት፣ ያለ ራስ መከላከያ ቆብና ያለ ወላጅ ፊርማ እንዳይጓዝ ይወሰን።

3ኛ/ ከጉዞ በፊት ስለ ቅርስ አያያዝ ትምህርት ይሰጥ። ከመሬት የሚነሣ ነገር የራሳችን ቆሻሻ ብቻ ይሁን።

4ኛ/ የወደቀችው ልጅ እናት ቅሬታቸውን በጽሑፍ አቅርበዋል። ጉዞው ይቅር ነው የሚሉት። ቅሬታቸው በሚቀጥለው ስብሰባ ከኛ ሐሳብ እኩል ይነበብ፤ ድምፅም ይሰጥበት።

እኛ ጉዞው ይቀጥል ባዮች ነን። ልጆቹ በሁለት ቀን ውስጥ ማርሽ መቀየር፣ ጎማ መለጠፍ፣ ሰላምታ መስጠት፣ የወሰዱትንም መመለስ ተምረዋል። ይህን በስብከት ብቻ ልናስተምራቸው ብንሞክር ዓመት አይበቃንም ነበር። ሆኖም የናንተ ውሳኔ የበላይ ነው። ስማቸውን ማስመዝገብ የሚፈልጉ እስከ ወሩ መጨረሻ በማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር በተሰቀለው ወረቀት ላይ ይጻፉ።