ሞተር ሲለወጥ ምን ይለወጣል?

የፒክአፕ መኪናን የቤንዚን ሞተር በናፍጣ ሞተር ስለ መተካት ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በጋራዥ ቋንቋ «ሞተር መቀየር» የሚባለው ሥራ ሲሰማ ቀላል ይመስላል። አሮጌው የቤንዚን ሞተር ይወርዳል፤ በቦታው የናፍጣ ሞተር ይቀመጣል፤ ማረፊያዎቹ ይበየዳሉ፤ ቱቦውና ሽቦው ይገናኛል፤ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ ይነሣል። ባለቤቱም ደስ ብሎት ሒሳቡን ከፍሎ ይሄዳል። በዚያች ሰዓት ግን ሥራው ገና እኩሌታውን እንኳ አልደረሰም። የዚህ ንግግር ዓላማ ስለ ቀሪው እኩሌታ ማስረዳት ነው። ነገሩ ባጭሩ ሲገለጽ፣ የወረደው ሞተር ጎማ ከማዞር በቀር ማንም ሳያስተውለው ለመኪናው የሚሰጣቸው ሌሎች አገልግሎቶች ነበሩት። አዲሱ ሞተር እነዚህን አገልግሎቶች የማይሰጥ ሲሆንና በምትካቸው ሌላ ሳይዘጋጅ ሲቀር፣ መኪናው ይሄዳል እንጂ እንደሚገባው አይቆምም።

የለውጡ ምክንያት ምን እንደ ሆነ አስቀድሞ መመልከት ይገባል። ለአብነት የቶዮታ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ይወሰድ። እ.ኤ.አ. በ1975 የተጀመረው 2ኤፍ የሚባለው የቤንዚን ሞተር ባለ 6 ሲሊንደርና 4.2 ሊትር ሲሆን፣ አየርና ቤንዚን ቀላቅሎ የሚያምቀው 8 ለ 1 ገደማ ነው። ከዚህ አብልጦ ቢያምቅ ድብልቁ ጊዜውን ሳይጠብቅ ይፈነዳል። የናፍጣ ሞተር ግን የሚያምቀው አየርን ብቻ በመሆኑ ከ20 ለ 1 በላይ ሊያምቅ ይችላል፤ ናፍጣውም በመጨረሻው ቅጽበት ሲረጭ ያለ ካንዴላ በአየሩ ግለት ይቀጣጠላል። እመቃው በጨመረ መጠን ከነዳጁ ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ድርሻ ይጨምራል። ከዚህም ሌላ አንድ ሊትር ናፍጣ ከአንድ ሊትር ቤንዚን በ10 ከመቶ ገደማ የሚበልጥ ኃይል ይይዛል። ቁጠባው የሚመነጨው ከእነዚህ ነው፤ እውነተኛም ነው።

ይሁን እንጂ «ናፍጣ ጉልበታም ነው» የሚለው የተለመደ አባባል ሁልጊዜ አይሠራም። ለዚሁ ላንድክሩዘር የተሠራው 2ኤች የተባለው ባለ 6 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር 4.0 ሊትር ሲሆን፣ ጉልበቱ ከ100 የፈረስ ጉልበት ጥቂት ከፍ ያለ ነው፤ የ2ኤፍ ደግሞ 130ን ያልፋል። ስለዚህ ባለቤቱ የነዳጅ ቁጠባ ሲያገኝ ፍጥነትና የዳገት ጉልበት ይቀንስበታል። ይህ ሥራው ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ሊነገረው የሚገባ ነገር ነው።

የናፍጣ ሞተር ሌላ ነዳጅ የሚጠጣ የቤንዚን ሞተር ብቻ ነው ብሎ ማሰብ ትልልቅ ፋብሪካዎችንም ጎድቷል። በአሜሪካ የኦልድስሞቢል ፋብሪካ እ.ኤ.አ. ከ1978 እስከ 1985 ያቀረበው ባለ 8 ሲሊንደር 5.7 ሊትር የናፍጣ ሞተር የተነደፈው በቤንዚን ሞተሩ ላይ ተመሥርቶ ነበር። ብሎኩ ቢጠናከርም የቴስታታው ቡሎኖች አሰላለፍና ቁጥር እንደ ቀድሞው ቀረ። የናፍጣን እመቃ መሸከም ስላልቻሉም ቡሎኖቹ ይለጠጡ፣ ጓርኒሲዮኑም ይቃጠል ነበር። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በ1989 ሞዴል የከሚንስ 5.9 ሊትር የናፍጣ ሞተር በዶጅ ፒክአፕ ላይ ሲገጠም፣ ሞተሩ ከመጀመሪያው ለናፍጣ የተነደፈ ከመሆኑም በላይ የማዞር ኃይሉ 540 ኒውተን ሜትር ያህል ስለ ነበረ፣ ካምቢዮውና ዲፍረንሻሉ ይህንን እንዲሸከሙ ሆነው ተመረጡ። የሁለቱ ታሪክ ትምህርት አንድ ነው፤ ሞተር ብቻውን የሚለወጥ አካል አይደለም።

ከማይታዩት አገልግሎቶች የመጀመሪያውና ዋነኛው ፍሬንን የሚመለከት ነው። የቤንዚን ሞተር ጉልበቱ የሚመጠነው በካርቡራቶሩ ውስጥ ባለች የአየር መዝጊያ ምላስ ነው። ሾፌሩ እግሩን ከነዳጅ መርገጫው ሲያነሣ ምላሷ ትዘጋለች፤ ፒስቶኖቹም አየር ለመሳብ ሲታገሉ በመግቢያ ቱቦው ውስጥ ቫኪዩም ይፈጠራል። የሰርቮ ፍሬን ያለው መኪና የሾፌሩን እግር የሚያግዘው በዚህ ቫኪዩም ነው። የናፍጣ ሞተር በጠቅላላው እንዲህ ያለ መዝጊያ የለውም፤ ጉልበቱ የሚመጠነው በፖምፓው በሚላከው የናፍጣ መጠን ነው። ስለዚህ ለሰርቮው የሚበቃ ቫኪዩም ከመግቢያ ቱቦው አይገኝም። ቶዮታ ይህንን ያሟላው በብዙዎቹ የናፍጣ ሞተሮቹ ላይ በዲናሞው ጀርባ አነስተኛ የቫኪዩም ፖምፓ በመግጠም ነው። አደጋው የሚጀምረው አሮጌው ዲናሞ ተበላሽቶ፣ ባትሪ እስከ ሞላ ድረስ ይበቃል በሚል ሐሳብ ተራ ዲናሞ ሲተካ ነው። መብራቱ ይበራል፤ ባትሪው ይሞላል፤ ሰርቮው ግን ባዶ ሆኗል። ሾፌሩ ይህን የሚያውቀው በጋራዡ ግቢ ሳይሆን ጭነት ይዞ ቁልቁለት በጀመረ ጊዜ ነው።

በዚህ ላይ የደጋው አየር ሌላ ቅናሽ ያመጣል። የሰርቮ እርዳታ የሚገኘው በውጭው አየርና በቫኪዩሙ መካከል ካለው የግፊት ልዩነት ነው። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችው በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። እንግዲህ ፖምፓው ፍጹም ጤነኛ ቢሆንም እንኳ የሚገኘው ከፍተኛ እርዳታ በሩብ ያህል ያንሳል። ከዚህ ላይ የሚባክን ቫኪዩም የለም።

ሁለተኛው አገልግሎት የሞተር ፍሬን ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዐባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው። 2,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ባለ ጭነት ፒክአፕ 1,000 ሜትር ሲወርድ 25 ሚሊዮን ጁል ያህል ኃይል ይለቃል። ይህም ከ70 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ይህ ሙቀት ወይ በሞተሩ በኩል መውጣት አለበት፤ አለዚያም ፍሬኑ ላይ ያርፋል። የቤንዚን ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ ምላሱ ሲዘጋ አየር ለመሳብ የሚያደርገው ትግል መኪናውን ይይዘዋል። የናፍጣ ሞተር ግን አየሩን ያለ ገደብ ይስባል፤ ያመቀውም አየር እንደ ታመቀ ጸደይ ፒስቶኑን መልሶ ይገፋዋል። ስለዚህ መኪናውን የሚይዘው በአብዛኛው የሞተሩ ውስጣዊ ሰበቃ ብቻ ነው። ትልልቅ የጭነት መኪናዎች በጭስ መውጫቸው ላይ መዝጊያ የሚገጠምላቸው በዚሁ ምክንያት ነው። በተለወጠው ፒክአፕም ይህን መዝጊያ መግጠም ወይም ቢያንስ ሾፌሩ ከቀድሞው ባነሰ ማርሽ እንዲወርድ በጽሑፍ ማስጠንቀቅ ተገቢ ነው።

ሦስተኛው የዙርና የማርሽ ስምምነት ነው። ከአንድ ፋብሪካ የወጡት 2ኤፍና 2ኤች ከፍተኛ ጉልበታቸውን የሚሰጡት በተቀራራቢ ዙር፣ በደቂቃ 3,500 አካባቢ ስለ ሆነ ችግሩ አይጎላም። በአሜሪካ በብዙ አሮጌ ፒክአፖች ላይ የሚገጠመው ባለ 4 ሲሊንደር 3.9 ሊትር የከሚንስ ሞተር ግን ከፍተኛ ጉልበቱን የሚሰጠው በ2,500 ዙር አካባቢ ነው። የጎማው ዲያሜትር 75 ሳንቲ ሜትር፣ የዲፍረንሻሉ ምጥጥን 4.11፣ ካምቢዮውም በቀጥታ ማርሽ ላይ ቢሆን፣ በ4,000 ዙር የሚሠራ የቤንዚን ሞተር መኪናውን በሰዓት 138 ኪሎ ሜትር ሊያስሄደው ሲችል በ2,500 ዙር የሚሠራው የናፍጣ ሞተር ከ86 አያሳልፈውም። ምጥጥኑ 3.54 ወደ ሆነ ዲፍረንሻል ሲለወጥ ፍጥነቱ 100 ይደርሳል። ከዚህም ጋር አንድ ነገር አይዘነጋ፤ እኩል የፈረስ ጉልበት በዝቅተኛ ዙር ሲሰጥ የማዞር ኃይሉ በዚያው ልክ ይጨምራል። ፍሪሲዮኑና ካምቢዮው የሚሸከሙት ደግሞ የማዞር ኃይሉን ነው። የፊት ባሌስትራውም የሞተሩን የክብደት ልዩነት ይሸከማል፤ የከሚንሱ ሞተር ብቻውን 340 ኪሎ ግራም ያህል ነውና።

አራተኛው አገልግሎት ሞተሩን ማጥፋት ነው። የቤንዚን ሞተር ቁልፉ ሲዘጋ የካንዴላው ብልጭታ ተቋርጦ ይጠፋል። የናፍጣ ሞተር ብልጭታ ስለሌለው የሚጠፋው ናፍጣው ሲቋረጥ ብቻ ነው። ስለዚህ በፖምፓው ላይ የኤሌክትሪክ መዝጊያ ወይም ከሾፌሩ እጅ የሚደርስ መሳቢያ ሽቦ ሊኖረው ግድ ነው። ነዳጅ ማጠራቀሚያውም ታጥቦ የመመለሻ ቱቦ ሊበጅለት፣ ውኃ የሚለይ ፊልትሮም ሊገጠምለት ይገባል፤ የፖምፓው ክፍሎች የሚለሰልሱት በራሱ በናፍጣው ስለ ሆነ ጥቂት ውኃ ብዙ ጥፋት ያደርሳልና። ከሌላ መኪና የመጣው ሞተር ማስነሻው በ24 ቮልት የሚሠራ መሆን አለመሆኑም አስቀድሞ ይታይ።

አምስተኛው ሞተሩን ከከፍታው ጋር ማስማማት ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር ፖምፓ በቆላ እንደ ተመጠነ ወደ ደጋ ሲወጣ ያንኑ ናፍጣ ይልካል፤ አየሩ ግን በሩብ ያህል ሳስቷል። ትርፉ ናፍጣ ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ የጭሱም ግለት ፒስቶኑን ይጎዳል። ስለዚህ የፖምፓው ልክ መኪናው በሚሠራበት አገር ከፍታ መቀነስ አለበት። ብዙ ጭስ የብዙ ጉልበት ምልክት ነው የሚለው እምነት ስሕተት ነው፤ ጭሱ ያልተቃጠለ ገንዘብ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥያቄው «ያዋጣል ወይ?» ወደሚለው ይመለሳል። ዋጋ ስለሚለዋወጥ ሒሳቡን በሊትር መሥራት ይሻላል። ለምሳሌ ያህል አንድ ፒክአፕ በ100 ኪሎ ሜትር 20 ሊትር ቤንዚን ይፈጅ የነበረ፣ ከለውጡ በኋላ 13 ሊትር ናፍጣ የሚፈጅ፣ የሁለቱም ዋጋ ተቀራራቢ ቢሆን ቁጠባው 7 ሊትር ነው። የሥራው ጠቅላላ ወጪ የ5,000 ሊትር ዋጋ ቢያክል ወጪው የሚመለሰው መኪናው 71,000 ኪሎ ሜትር ያህል ከተጓዘ በኋላ ነው። በዓመት 30,000 ኪሎ ሜትር ለሚሠራ የንግድ መኪና ይህ ከሁለት ዓመት ተኩል አይበልጥም፤ በዓመት 6,000 ለሚሄድ የቤት መኪና ግን ወደ 12 ዓመት ይጠጋል። ለሁለተኛው ባለቤት የሚሰጠው ሐቀኛ ምክር ካርቡራቶሩን አጽዳ፣ ቴስታታህን አሳይ፣ ገንዘብህንም ያዝ የሚል ነው። ደንበኛን መመለስ የሙያው አንድ ክፍል ነው።

በኢትዮጵያ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከታገደ ወዲህ ያለውን መኪና አሰንብቶ የመያዝ ፍላጎት እያደገ ቢሄድ አያስደንቅም። ስለዚህ ይህ ሥራ በቃል ስምምነት የሚፈጸም ሆኖ መቅረት የለበትም። ሞተር የለወጠ ጋራዥ ከመኪናው ጋር አንዲት የፍተሻ ወረቀት ቢሰጥ፣ በወረቀቷም ላይ አምስት ነገሮች ቢሰፍሩ ይበቃል። የፊትና የኋላ አክስል ክብደት በሚዛን ታይቶ ይጻፍ። ሞተሩ ጠፍቶ የፍሬን መርገጫው እስኪጠነክር ተደጋግሞ ከተረገጠ በኋላ፣ እግር ሳይነሣ ሞተሩ ሲነሣ መርገጫው ጥቂት መስመጡ ይረጋገጥ። መኪናው ሙሉ ጭነት ይዞ ረጅም ቁልቁለት ወርዶ ይፈተን። በዳገት የራዲያቶሩ ሙቀት ይለካ። ሞተሩ በቁልፍም ሆነ በመሳቢያ በአንድ ጊዜ መጥፋቱ ይታይ። ከዚህ በኋላ አዲሱ የሞተር ቁጥርና የነዳጁ ዓይነት በሊብሬው ላይ እንዲስተካከል ይደረግ፤ ከታችም የመሐንዲሱ ስምና ፊርማ ይኑር።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ይባላል። በፒክአፑ ጀርባ ላይ የሚቀመጠው ተሳፋሪ ከሽፋኑ ሥር ያለው ሞተር የቤንዚን ይሁን የናፍጣ አይጠይቅም፤ ቫኪዩም ስለሚባል ነገርም ሰምቶ አያውቅም። የሚያምነው ያንን ሥራ የሠራውን ሰው ነው። ያ ሰው የወረደውን ሞተር ወደ ጥግ ከመጣሉ በፊት «ይህ ሞተር ለዚህ መኪና ምን ምን ይሠራለት ነበር?» ብሎ ዝርዝሩን ጽፎ ለእያንዳንዱ ምትክ ካዘጋጀ፣ እምነቱ በቦታው ይሆናል።